የማይጠፋ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር፤ መንስኤው፣ አደጋውና መፍትሔው

አዲስ አበባ፤ በርካታ የከተማ ነዋሪዎች ማለዳ ወደ ሥራ ገበታቸው ከማምራታቸው በፊት ገላቸውን የሚታጠቡበትን ሙቅ ውሃ የሚያገኙት በመታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። መሣሪያው ማታ ይበራል፤ ውሃው ከተፈለገው የሙቀት መጠን ሲደርስ በራሱ ኃይል ያቋርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይጀምራል። ቤተሰቡ ስለ አሠራሩ አንድም ጊዜ ሳያስብ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

አንድ ቀን ግን የቦይለሩ ቀይ መብራት ሳይጠፋ ያድራል። ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ውሃው እጅ የማያስነካ፣ አንዳንዴም እንፋሎት የቀላቀለ ሆኖ ይወርዳል። በካርድ የሚሠራው ቆጣሪ ለወሩ የተገዛውን ኃይል ወሩ ሳይጋመስ ይጨርሳል። ከቦይለሩ ሥር ካለው ትንሽ ቫልቭም ውሃ ሲንጠባጠብ ይታያል። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤቶች የሚወሰደው እርምጃ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘግቶ፣ ውሃው ሲያስፈልግ ብቻ ለተወሰኑ ሰዓታት እያበሩ መጠቀም ነው። ይህ ዘዴ ሂሳቡን ሊቀንስ ቢችልም ብልሽቱን ባለበት የሚያቆይ፣ የአንድን ቤተሰብ ደኅንነትም አንድ ሰው ማጥፊያውን በማስታወሱና ባለማስታወሱ ላይ የሚጥል በመሆኑ መፍትሔ ሊባል አይችልም።

የችግሩን ምንጭ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። በመኖሪያ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ቦይለር ከ50 እስከ 80 ሊትር ውሃ የሚይዝ የብረት ጋን ሲሆን፣ ዙሪያውን ሙቀት በማያሳልፍ አረፋ መሰል ነገር ተሸፍኖ በውጭ ልባስ ይዘጋል። ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይገባል፤ የሞቀው ከላይኛው ክፍል ይወጣል። ከሥር በኩል ባለው ክዳን ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት የተተከለ ሲሆን፣ ኃይሉ በአብዛኛው 1500 ዋት ነው። ከኤለመንቱ ጎን ወደ ውሃው በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ውስጥ የቴርሞስታቱ ዘንግ ይገባል። ዘንጉ ከውሃው ጋር አብሮ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በተለጠጠ ጊዜም የኤሌክትሪክ መገናኛውን ገፍቶ ይከፍተዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ይሰበሰባል፤ መገናኛውም ይገጥማል። ቦይለሩ የሚበራውና የሚጠፋው በዚህ ቀላል የብረት መለጠጥና መሰብሰብ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት የደኅንነት ዘቦች አሉ። አንደኛው ቴርሞስታቱ ሥራውን ቢያቆም ሙቀቱ ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ኃይሉን የሚቆርጥ የሙቀት መቁረጫ ነው። ይህ ክፍል ከቆረጠ በኋላ በራሱ የማይመለስ ሲሆን፣ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ትንሿን ቁልፍ ካልተጫነ ቦይለሩ ዳግም አይሠራም። ሁለተኛው ከሥር በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ የሚገጠመው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ነው። ይኸውም በጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ተከፍቶ ውሃ ያስወጣል። እንግዲህ አንድ ቦይለር ከመጠን በላይ ሞቆ አደጋ ላይ የሚደርሰው ሦስቱም በአንድ ላይ ሲሰናከሉ ነው። ይህ የማይመስል ቢመስልም፣ ከሦስቱ ሁለቱ በሰው እጅ ሆን ተብለው ከጥቅም ውጭ የሚደረጉባቸው አጋጣሚዎች መኖራቸው ነገሩን አሳሳቢ ያደርገዋል።

ቦይለሩ አልጠፋ ብሎ ሲገኝ ቀዳሚው ተግባር ኃይሉን ከዋናው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ፣ በቦይለሩ ብሬከር መቁረጥ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማዞሪያ ወደ ዝቅተኛው መመለስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የተበላሸው ራሱ ማዞሪያው የሚያዝዘው ክፍል ሊሆን ይችላልና። ከመታጠቢያ ክፍሉ በር አጠገብ ያለው ማጥፊያም ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ መተማመን አይገባም።

ከቦይለሩ የመንተክተክ ድምፅ የሚሰማ ወይም ከቫልቩ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን መክፈት ፈጽሞ አይመከርም። ብዙ ሰው ግፊቱን ለመቀነስ በቅን ልቦና የሚያደርገው ይኸው ነው። ይሁንና ቧንቧው ሲከፈት በግፊት ታምቆ የነበረው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ላይ ይወረወራል። የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውንም መዝጋት አያስፈልግም። ኃይሉ ከተቆረጠ በኋላ የመታጠቢያ ክፍሉን በር ዘግቶ፣ ሕፃናትን አርቆ፣ ጋኑ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ጋኑ ሙቀት እንዳያባክን ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ መቀዝቀዙ ብዙ ሰዓታት ሊወስድ፣ ከዚያም በላይ ሊያድር ይችላል።

ይህ ከተደረገ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ በእርግጥ ብልሽት አለ ወይ የሚለው ነው። ቦይለሩ ሳይበላሽ አልጠፋ የሚልባቸው ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም። ሰማንያ ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 1500 ዋት ኤለመንት ይህን የሚሠራው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወስዶ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ መብራቱ ለሁለት ሰዓት ተኩል ባይጠፋ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። የ50 ሊትሩ ቦይለር በበኩሉ ለዚሁ ሥራ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል።

የቮልቴጅ መውረድ ደግሞ በአገራችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። የኤለመንቱ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚቀንስ ሳይሆን በካሬው ልክ የሚቀንስ ነው። መደበኛው 220 ቮልት ምሽት ላይ ወደ 180 ቢወርድ 1500 ዋት የነበረው ኤለመንት ወደ 1000 ዋት ገደማ ዝቅ ይላል። በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቅ የነበረው ሥራ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። የቤቱ ባለቤት ቦይለሩ አልጠፋ አለ ብሎ ቴርሞስታት ቢያስቀይር ገንዘቡን ያወጣል እንጂ ለውጥ አያይም። እንዲህ ያለው የቮልቴጅ መዋዠቅ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን፣ የተቋሙ የጥሪ ማዕከል ቁጥር 905 ነው።

ሌላው ድብቅ ምክንያት የሙቅ ውሃ መፍሰስ ነው። በሙቅ ውሃ መስመር ላይ በየደቂቃው አንድ አሥረኛ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 144 ሊትር ያባክናል። ይህን ለማሞቅ በየዕለቱ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል። ቦይለሩም የፈሰሰውን ለመተካት ቀንና ሌሊት ሲደክም ይታያል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ የፍጆታው መጠን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በእርከን እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑም፣ ቦይለሩ የሚያባክነው ኃይል ቤተሰቡን ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል።

እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማታ ሁሉም ሰው ታጥቦ ካበቃ በኋላ የሙቅ ውሃ ቧንቧዎች በሙሉ መዘጋታቸውን አረጋግጦ፣ የቦይለሩን መብራት እየተከታተሉ ሰዓት መያዝ ብቻ ይበቃል። የመብራቱን ምስክርነት ለማጣራት ደግሞ ቆጣሪው አለ። በቤቱ ያሉት ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሙሉ ሲጠፉና ቦይለሩ ብቻ ሲቀር፣ በዲጂታል ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሽ መብራት የፍጆታውን ልክ ትናገራለች። በቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። ለምሳሌ ቁጥሩ 1600 ከሆነ፣ 1500 ዋት የሚወስድ ቦይለር በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ብልጭ ያደርጋታል። ቦይለሩ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላም ምንም ውሃ ሳይቀዳ በዚሁ ፍጥነት የሚቆጥር ከሆነ ብልሽቱ እውነተኛ ነው። የቦይለሩ መብራት ጠፍቶ ሳለ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ ደግሞ ጉዳዩ ከቴርሞስታቱ የከፋ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ በታች በስፋት ተመልክቷል።

ብልሽት መኖሩ ሲረጋገጥ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቴርሞስታቱ ነው። መገናኛው በተከፈተና በገጠመ ቁጥር ትንሽ የእሳት ብልጭታ ይፈጠራል። ከዓመታት በኋላ ይህ ብልጭታ የመገናኛውን ብረት እየበላ፣ በመጨረሻም ሁለቱን ጫፎች እንደ ብየዳ ያጣብቃቸዋል። ኃይል በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበትና ሲመለስም ከፍ ባለ ቮልቴጅ በሚመጣበት አካባቢ ይህ መጣበቅ ሊፋጠን ይችላል። ባለሙያው ኃይሉን ቆርጦ፣ መቆረጡንም በቴስተር አረጋግጦ የሥረኛውን ክዳን ይከፍታል። ማዞሪያውን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲያዞር ቴርሞስታቱ የቀጭታ ድምፅ ማሰማት ይኖርበታል። ውሃው ሞቆ፣ ማዞሪያው ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ሙልቲሜትሩ አሁንም በመገናኛው በኩል ፍሰት መኖሩን ካሳየ መገናኛው ተጣብቋል። የዚህ መፍትሔ ቴርሞስታቱን መቀየር ነው፤ ጠርቦና አሽቶ መልሶ መግጠም ለጥቂት ሳምንታት እንጂ አይዘልቅም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቴርሞስታቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ መረጃ ይደርሰዋል። ዘንጉ በቱቦው ውስጥ በደንብ ካልገባ ወይም ርዝመቱ ከቱቦው ካጠረ የሚለካው የውሃውን ሙቀት ሳይሆን ከሥር ያለውን አየር ነው። በቱቦው ዙሪያ የተጋገረ ቅርፊትም ሙቀቱ ወደ ዘንጉ እንዳይደርስ ያዘገየዋል። ቅርፊቱ የሚፈጠረው በውሃው ውስጥ የሟሙት የካልሲየምና የማግኒዚየም ማዕድናት ሲሞቁ ከውሃው ተለይተው ስለሚጋገሩ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ የከርሰ ምድር ውሃቸው ማዕድን በሚበዛበት ከተሞች የሻይ ጀበናን ውስጥ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በአዲስ አበባም ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው ግን ከፍ ያለ ማዕድን ስላለው የሁለት ሰፈር ቦይለሮች ዕድሜ አንድ ላይሆን ይችላል። ቅርፊቱ ኤለመንቱንም ስለሚሸፍን ሙቀቱ ወደ ውሃው ከመተላለፍ ይልቅ በኤለመንቱ ውስጥ ይታመቃል። የኤለመንቱ ልባስ መሰንጠቅም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ከሁሉም በላይ አደገኛ የሆነውና ብዙም የማይታወቀው ብልሽት እዚህ ላይ ይመጣል። ኤሌክትሪክ ወደ ቦይለሩ የሚደርሰው ፌዝና ኒውትራል በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች ነው። አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ቴርሞስታት መቁረጥ የሚገባው ፌዙን ነው። በዝርጋታ ወቅት ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ከተገጠሙ ግን ቴርሞስታቱ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል። ቦይለሩ በሁለቱም መንገድ ስለሚሠራ ስህተቱን ማንም አያስተውለውም። ይሁንና ቴርሞስታቱ ባጠፋ ጊዜም ኤለመንቱ ፌዙን እንደተሸከመ ይቆያል። ልባሱ በቅርፊት ወይም በዝገት ምክንያት አንድ ቀን ሲሰነጠቅ፣ ኤሌክትሪኩ በኒውትራሉ መመለስ ቢከለከልም በተሰነጠቀው ቦታ ወደ ጋኑና ወደ መሬት ሽቦው መንገድ ያገኛል። ኤለመንቱም በከፊል መሞቁን ይቀጥላል። ማዞሪያው ቢዞር ለውጥ የለም፤ መብራቱም ጠፍቶ ሊታይ ይችላል፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል።

የመሬት ሽቦው በትክክል የተገጠመ ከሆነ ጉዳቱ በቆጣሪው ይገለጻል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ወይም ለይምሰል በተንጠለጠለበት ቤት ግን የጋኑ አካል፣ ቧንቧውና ውሃው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ። ገላውን የሚታጠብ ሰው እርጥብ እግሩን ወለል ላይ አድርጎ ቧንቧውን ሲነካ የሚሰማው መንዘር የዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። በብዙ ቤቶች ይህ መንዘር እንደ ቦይለሩ ጠባይ ተቆጥሮ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ መታጠብ እንደ ዘዴ መወሰዱ የሚያሳዝን ነው። ቧንቧ የሚነዝርበት ቤት የቦይለሩን ብሬከር በዚያው ቅጽበት ዘግቶ ባለሙያ እስኪመጣ አለመክፈት ይኖርበታል።

ባለሙያው ኤለመንቱን በሁለት መንገድ ይፈትሻል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚለካው ተቃውሞ ለ1500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። በአንዱ ጫፍና በጋኑ ብረት መካከል ግን ምንም ፍሰት ሊኖር አይገባም። ተራ ሙልቲሜትር ትንሹን ፍሳሽ ላያሳይ ስለሚችል በ500 ቮልት የሚፈትን የኢንሱሌሽን መለኪያ መጠቀም ይመረጣል። ፌዙና ኒውትራሉ በቦታቸው መሆናቸውን ማረጋገጥና ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ፍሳሽ ሲኖር በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ማስገጠምም የዚሁ ሥራ አካል ሊሆን ይገባል። ይህ ብሬከር የመሬት ሽቦውን ባይተካም የሰው ሕይወት የሚታደግ ነው።

የሙቀት መቁረጫው ነገርም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ቦይለሩ ከመጠን በላይ ሞቆ መቁረጫው ሥራውን ሲሠራ ለቤተሰቡ የሚታየው ሙቅ ውሃ መጥፋቱ ብቻ ነው። የተጠራው ሠራተኛ ቁልፏን ተጭኖ፣ ቦይለሩ መሥራቱን አሳይቶ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። መቁረጫው ለምን እንደቆረጠ ግን አልተጠየቀም። ከሳምንት በኋላ ዳግም ሲቆርጥ አንዳንዱ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኝቶ መቁረጫውን ከመንገድ ያወጣዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ቦይለር ጠባቂ የለውም። አይ.ኢ.ሲ 60335-2-21 በሚል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ በግፊት የሚሠሩ የውሃ ማሞቂያዎች ከቴርሞስታቱ ተነጥሎ የሚሠራ፣ በራሱም የማይመለስ የሙቀት መቁረጫ እንዲኖራቸው የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቫልቩም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። ሰማንያ ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቦይለሩ በሚያሞቅበት ጊዜ ከቫልቩ ጥቂት ውሃ መንጠባጠቡ ስለዚህ ጤናማ ምልክት ነው። ማሞቁን ካቆመ በኋላም የማያቋርጥ ፍሰት ካለ፣ ወይም የሚወጣው ውሃ የሚፋጅ ከሆነ ግን የግፊት ወይም የሙቀት ችግር መኖሩን ያመለክታል። ወለሉ ረጠበ በሚል የቫልቩን አፍ በቡሎን ወይም በጨርቅ መድፈን የመጨረሻውን በር መዝጋት ነው። ትክክለኛው አሠራር ከቫልቩ አፍ ላይ ቱቦ አያይዞ ወደ ፍሳሹ መውሰድ ሲሆን፣ የቱቦው ጫፍ ክፍት መሆን አለበት።

ሦስቱም ጥበቃዎች ሲከሽፉ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ጥር 11 ቀን 1974 ዓ.ም በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ስፔንሰር በተባለች ከተማ በሚገኘው ስታር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመመገቢያ አዳራሹ አጠገብ የነበረ የውሃ ማሞቂያ ፈንድቶ ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሕይወታቸው አልፏል፤ ከ30 በላይ ሰዎችም ቆስለዋል። የአደጋው መንስኤ የሙቀት መቆጣጠሪያውና የደኅንነት መሣሪያዎቹ ሥራቸውን ባለመሥራታቸው ውሃው ከመጠን በላይ መሞቁ ነበር።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ረገድ ሊጠቀስ ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማ ክፍት በሆነ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በግፊት በተዘጋ ጋን ውስጥ ግን ውሃው ከዚህ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ቧንቧው ተከፍቶ ግፊቱ ሲለቀቅ ከ92 ዲግሪ በላይ ያለው ሙቀት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት መለወጫ ይሆናል። የእንፋሎቱ አደጋ በቆላ ካሉ ከተሞች ይልቅ በደጋው ቀድሞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍንዳታ ይልቅ በየቤቱ ደጃፍ የቆመው አደጋ ግን ቃጠሎ ነው። ውሃው 60 ዲግሪ ሲሆን የአዋቂን ቆዳ ክፉኛ ለማቃጠል አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ 70 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሰከንድ ይበቃል። የሕፃናት ቆዳ ስስ በመሆኑ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። ቴርሞስታቱን ከ60 ዲግሪ በታች አድርጎ ማቆየት ቃጠሎን ቢቀንስም፣ በለብታ ውሃ ውስጥ የሚራባውና የሳንባ ሕመም የሚያስከትለው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ እንዲመቸው ያደርጋል። ስለዚህ የሚመከረው ውሃውን በ60 ዲግሪ አከማችቶ፣ ሲቀዳ ከቀዝቃዛው ጋር መደባለቅ ነው። ሕፃን ሲታጠብ ቀዝቃዛው አስቀድሞ ይቀዳል፤ ሙቁ ይጨመርበታል። ቃጠሎ ከደረሰም የተጎዳውን አካል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆየትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል መቀባት ቁስሉን ከማባባስ በቀር ፋይዳ የለውም።

የውሃ ፈረቃ ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሃ ሲጠፋ፣ በመግቢያው ላይ ያለው ወደ ኋላ የመመለስ መከልከያ ካረጀ የጋኑ ውሃ ወደ ዋናው መስመር ሊመለስ ይችላል። ኤለመንቱ በባዶ ጋን ሲሞቅ ልባሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። ውሃ ከጠፋበት ቆይቶ ሲመለስ ቦይለሩ ከመብራቱ በፊት የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፍቶ አየሩ እስኪያልቅና ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ ይገባል።

ለመለዋወጫ ግዢ ባለሙያው አሮጌውን ቴርሞስታት በእጁ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። አዲሱ በዘንጉ ርዝመትና በሚሸከመው አምፔር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። አሮጌው የሙቀት መቁረጫ አብሮት የነበረ ከሆነ መቁረጫ የሌለውን በርካሽ ገዝቶ መተካት ቦይለሩን ከነበረበት ዝቅ ማድረግ ነው። ጋኑ በተከፈተበት አጋጣሚ ቅርፊቱን ማጽዳት፣ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግ ማየትና ተበልቶ ካለቀ መቀየርም ተጨማሪ ጉዞን ያስቀራል።

ጉዳዩ የመኖሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። የእንግዳ ማረፊያ፣ ክሊኒክ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ወይም የካፍቴሪያ ወጥ ቤት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ትልልቅ ቦይለሮች ይኖሯቸዋል። በእነዚህ ላይ ቴርሞስታቱ ኤለመንቱን በቀጥታ ሳይሆን ኮንታክተር በተባለ መሣሪያ አማካይነት የሚያዝዝ በመሆኑ፣ የሚጣበቀው አብዛኛውን ጊዜ ኮንታክተሩ ነው። ቴርሞስታቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ችግሩ ያልተፈታበት መሥሪያ ቤት ካለ ወደዚያ ቢመለከት ይጠቅመዋል። በንብረት አስተዳደር በኩል የሚታየው ጉድለት ቦይለር በቋሚ ንብረትነት ሲመዘገብ የጥገና ኃላፊ የማይመደብለት መሆኑ ነው። ወለሉን የሚያጸዱት ሠራተኞች ቫልቩ ሲያፈስ ቀድመው የሚያዩት ቢሆኑም ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም። በግዢ ዝርዝር ውስጥም ሊትሩና ዋቱ ሲጠቀሱ የሙቀት መቁረጫው፣ ቫልቩና የመሬት ሽቦ ዝርጋታው ሳይጠቀሱ ይቀራሉ። ርካሹ ዋጋ አሸናፊ በሆነበት ጨረታ ያልተጻፈው ነገር አብሮ አይመጣም።

ጥገናው ተጠናቅቆ ቦይለሩ ዳግም ሲበራ ባለሙያው ወዲያው መሄድ የለበትም፤ ወይም ቢያንስ የቤቱ ባለቤት የመጀመሪያውን ዙር ሊከታተል ይገባል። ጋኑ በውሃ መሞላቱ ተረጋግጦ፣ ማዞሪያው መካከለኛው ላይ ተደርጎ ሰዓቱ ይያዛል። መብራቱ በሚጠበቀው ጊዜ ከጠፋ፣ ቆጣሪውም አብሮ ካረፈ፣ የሚቀዳው ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር ተለክቶ ከተመረጠው ልክ ጋር ሲቀራረብ ቦይለሩ ወደ አገልግሎት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ የቫልቩን መክፈቻ አንስቶ ውሃ መልቀቁንና ሲመለስም መዝጋቱን ማየት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ክዳኑን አስከፍቶ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ቫልቩ ሲነሳ የሚወጣው ውሃ ሙቅ ሊሆን ስለሚችል እጅን ከአፉ ማራቅ ተገቢ ነው።